የማን ፊርማ አለበት?



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው። አንድን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፍታችሁ ከመጫናችሁ በፊት «ይህን የሠራው ማን ነው? ከእጁ ከወጣ በኋላስ ሌላ ሰው ነክቶታል?» ብላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። መልሱን ብዙ ጊዜ ፋይሉ ራሱ ይዞት ይዞራል። ዲጂታል ፊርማ የምንለው እሱን ነው። ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ሆኖም ይህን የሚያይ ሰው በአዲስ አበባም ሆነ በገጠር ከተማ ጥቂት ነው። ይህ ያሳስበኛል፤ እዚህ እጃጂ የመጣሁትም ስለሚያሳስበኝ ነው።

ፕሮግራም በዚህ አካባቢ እንዴት እንደሚዞር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ይዞት ይመጣል፤ አምቦ ላይ ለጓደኛው ይገለብጥለታል፤ ጓደኛው ጌዶ ላለ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል፤ ከዚያ እጃጂ ይደርሳል፤ ከእጃጂም ወደ ባኮ ያልፋል። የግዕዝ ፊደል መጻፊያው፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ ቪዲዮ ማጫወቻው ሁሉ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ይህን የማነሣው ለነቀፋ አይደለም። ዳታ ውድ ነው፤ መብራት ይጠፋል፤ ትልቅ ፋይል በሞባይል ኢንተርኔት ከማውረድ ከጎረቤት መገልበጥ ብልህነት ነው። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነው፤ በመንገዱ ላይ ካሉት እጆች አንዱ፣ ወይም በአንዱ ኮምፒውተር ያደረ ቫይረስ፣ ፋይሉን ቢለውጠው የመጨረሻው ተቀባይ የሚያውቅበት መንገድ ያለ አይመስለውም። አለ። ዲጂታል ፊርማ ሰፊ ኢንተርኔት ካለው ሰው ይልቅ እንደኛ ላለው ይበልጥ ይጠቅማል የምለውም ለዚህ ነው። ያኛው ከአምራቹ ገጽ በቀጥታ ያወርዳል። የእኛ ፋይል ግን ረጅም መንገድ መጥቷል፤ ፊርማው ደግሞ መንገዱ አጠረም ረዘመም ከፋይሉ ጋር ተጣብቆ ይመጣል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ ከራሳችን ታሪክ ልጀምር።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ምዕራብ ሸዋን አዳርሶ ወደ ሌላው ኦሮሚያ ሲዛመት፣ በየቤቱ በዲሽ ከሚታዩት ጣቢያዎች አንዱ መቀመጫው በአሜሪካ ሚኒሶታ የነበረው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ፣ ኦ ኤም ኤን ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ የደረሰውን እልቂት የሚረሳ የለም። ከዚያ በሁለተኛው ቀን ለጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ለጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ስለ አንድ ቪዲዮ ሐሳቡን ይጠይቀዋል። ቪዲዮው አልከፈትም ካለም አዲሱን የአዶቤ ፍላሽ ፕሌየር ከዚህ ማውረድ ይቻላል ብሎ ሊንክ ይሰጠዋል። ሊንኩ ውስጥ አዶቤ የሚል ስም ነበረበት፤ ገጹ ግን የአዶቤ አልነበረም።

ጃዋር መልእክቱን ለሲቲዝን ላብ አስተላለፈው። ሲቲዝን ላብ በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የምርምር ተቋም ነው። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለው ውጤቱን ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ይፋ አደረጉ። ፍላሽ ፕሌየር ተብሎ የቀረበው ፋይል ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ሳይበርቢት የታወቀው የጦር መሣሪያ አምራች የኤልቢት ሲስተምስ ቅርንጫፍ ነበር። የተላከውም ለጃዋር ብቻ አልነበረም፤ አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ ጠበቃም ከታለሙት መካከል ነበሩ። ምርመራው እየተካሄደ ሳለ ከጥናቱ ጸሐፊዎች ለአንዱ ጭምር ተልኮለታል። የስለላው አንቀሳቃሾች የተውትን የሥራ መዝገብ ተመራማሪዎቹ ክፍት ሆኖ ስላገኙት፣ ሥራው ከኢትዮጵያ እንደሚመራና የተጠቁት ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች እንደሚገኙ ማየት ቻሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህን ያህል የተደከመበትና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት መሣሪያ የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፤ ሰውየው በገዛ እጁ «ጫን» እንዲል። ስለዚህ ሁሉም የለመደውን መረጡ። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ሁሉ ፍላሽ ፕሌየርን አድስ እየተባለ ይጨቀጨቅ ነበር። እውነተኛው የአዶቤ ማደሻ ግን የአዶቤ ሲስተምስ ፊርማ ነበረበት፤ የአዶቤ የመፈረሚያ ቁልፍ ደግሞ በሳይበርቢት እጅ አልነበረም። አርማ ይገለበጣል፤ ስም ይሰረቃል፤ ገጽ ይመሰላል። ፊርማው ግን ያለ ቁልፉ አይወጣም። (በነገራችን ላይ አዶቤ ፍላሽ ፕሌየርን ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ አቁሞታል። ዛሬ «ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ» የሚል መልእክት ቢመጣላችሁ ምንም ዓይነት ምርመራ አያስፈልገውም፤ ዝጉት።)

ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. ያው ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የተባለ ሌላ የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7ን ሰዎች ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ሲሰራጭ አግኝቷል። በታኅሣሥ 2006 ደግሞ ውጭ አገር የነበሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ በሚሸጠው ሶፍትዌር ተሞክሮባቸዋል። በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በፊንስፓይ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክሱን አልቀበልም አለ። ምክንያቱም ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አይደለም የሚል ነበር። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ዳኛ ፊት መቆም እንኳ ይህን ያህል ከባድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን፤ ለዚህ ጉዳይ ቅጠሉ ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ያለችው ደቂቃ ናት።

አሁን ፊርማው እንዴት እንደሚሠራ ልግለጽ። ብዙ ሰው ፊርማ ሲባል ስም በብዕር መጻፍ ይመስለዋል። ከቀበሌ የሚወጣ ደብዳቤን አስቡ። ቲተር ይመታበታል፤ ይፈረምበታል፤ ክብ ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተሙ ግን ያረፈው በወረቀቱ ጥግ ላይ ነው፤ ከማኅተሙ በላይ ያለችውን አንዲት ቁጥር ሰው ቢፍቃት ማኅተሙ ያው ማኅተም ነው፤ ምንም አይሆንም። ዲጂታል ፊርማ የሚለየው በዚህ ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል ያትማል።

ድርጅቱ ፕሮግራሙን ሠርቶ ሲጨርስ ፋይሉን በሙሉ በአንድ የሒሳብ ቀመር ያሳልፈዋል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቀመር ሻ 256 ይባላል። ፋይሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ የሚወጣው ውጤት ርዝመቱ አንድ ነው፤ 64 ፊደላትና ቁጥሮች። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ድርጅቱ ይህን ውጤት ሌላ ማንም በሌለው ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈርምበታል። ከሚስጥራዊው ቁልፍ ጋር በሒሳብ የተጣመረ ይፋዊ ቁልፍ አለ። ሚስጥራዊው የፈረመውን ይፋዊው ያረጋግጣል፤ ይፋዊውን የያዘ ሰው ግን በእሱ መፈረም አይችልም። ይህን ድንቅ ሐሳብ ተግባራዊ ካደረጉት መካከል እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የሠሩት ዘዴ እስከ ዛሬ አገልግሎት ላይ ነው።

«ያ ይፋዊ ቁልፍ በእርግጥ የአዶቤ መሆኑን ማን ነገረን?» የሚል ተማሪ በመካከላችሁ ቢኖር ደስ ይለኛል፤ ዋናው ጥያቄ እሱ ነውና። ለዚህ ምስክር የሚሆኑ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅቶች አሉ፤ ዲጂሰርት፣ ግሎባልሳይንና ሴክቲጎ ከታወቁት ናቸው። የአመልካቹን ማንነት መርምረው «ይህ ቁልፍ የዚህ ድርጅት ነው» ብለው ይመሰክራሉ። የሚታመኑትን ምስክሮች ዊንዶስ ያውቃቸዋል። ስለዚህ አብዛኛው ምርመራ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል። ዳታ ሲያልቅም ፊርማ ማየት ትችላላችሁ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይሉ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫኑና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ተፈርሞበት ከሆነ ዲጂታል ሲግነቸርስ የሚል ገጽ ታያላችሁ፤ ካልተፈረመበት ገጹ ራሱ አይኖርም። ገጹ ላይ የፈራሚው ስም አለ። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ እዚያው ያቆማል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስሙ መታየቱ ፊርማው ትክክል ነው ማለት አይደለም። ፋይሉ ከተፈረመ በኋላ ተነካክቶም ስሙ ሊታይ ይችላል። ስሙን መርጣችሁ ዲቴይልስ የሚለውን ተጫኑ፤ ዊንዶስ ፍርዱን የሚነግራችሁ እዚያ ነው። ፊርማው ደህና ነው ካለ ፋይሉ ከፈራሚው እጅ እንደወጣ ነው። ትክክል አይደለም ካለ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ነክቶታል፤ አትክፈቱት።

ከዚያ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። ቪ ኤል ሲ የተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ቪዲዮላን በሚለው ስም ነው መፈረም ያለበት፤ ክሮም በጉግል ኤል ኤል ሲ። ቪ ኤል ሲ ተብሎ የመጣላችሁ ፋይል ሰምታችሁት በማታውቁት ኩባንያ ስም ከተፈረመ፣ ፊርማው በሒሳብ ትክክል ቢሆን እንኳ ፋይሉ የቪዲዮላን አይደለም። ፕሮግራም ስትጭኑ ኮምፒውተሩ ጨለም ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀውንም መስኮት ሳታነቡ «የስ» አትበሉ። እዚያም የአሳታሚው ስም ተጽፏል፤ ማንነቱ ካልታወቀ መስኮቱ ቢጫ ሆኖ «አንኖውን» ይላል። ፎቶ ነው ወይም ደብዳቤ ነው ተብሎ የተላከላችሁ ፋይል ይህን ፈቃድ ከጠየቀ ደግሞ ፊርማ መፈለግም አያስፈልግም። ፎቶ ለመታየት የኮምፒውተሩን ሙሉ ፈቃድ አይጠይቅም።

ፊርማ የማይነግረንንም ነገር ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ፊርማ የሚነግረን በማን ቁልፍ እንደተፈረመ ነው፤ ሠሪው ደግ ይሁን ክፉ አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው፣ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ የጎዳው ስታክስኔት የተባለ ቫይረስ በታይዋኖቹ በሪልቴክና በጄማይክሮን ኩባንያዎች ቁልፍ የተፈረሙ ፋይሎች ነበሩት፤ ቁልፎቹ የተሰረቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ እናንተም ምናልባት የምታውቁት ሲክሊነር የተባለ የኮምፒውተር ማጽጃ ፕሮግራም በአምራቹ ትክክለኛ ፊርማ ታትሞ ቫይረስ ይዞ ወጣ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ፋይሉ ከመፈረሙ በፊት፣ አምራቹ ቤት ውስጥ ነበር፤ 2 ሚሊዮን ከ270 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሲጋለጥ ምስክሮቹ ሰርተፊኬቱን ይሰርዙታል። መሰረዙን ለማወቅ ግን ኮምፒውተሩ አልፎ አልፎ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት። ኢንተርኔት አይቶ በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ፊርማ ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ መፈረሚያ ቁልፎች ሊገለበጡ በማይችሉበት የተለየ መሣሪያ ውስጥ እንዲቀመጡ ግዴታ ሆኗል፤ ጥሩ እርምጃ ነው።

በሌላ በኩል ያልተፈረመ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሰርተፊኬት ብዙ ጊዜ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። የአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላት በኮምፒውተር የሠራ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ከየት ያመጣል? እንዲህ ያለውን ልጅ ፊርማ የለህም ብለን አናባርረው። ፕሮግራሙን ከራሱ እጅ እንቀበል፤ ያንን 64 ምልክት ያለውን የሻ 256 ውጤትም ጽፎ እንዲሰጠን እንጠይቀው። ፋይሉ ነገ በሌላ ሰው ፍላሽ ሲመጣ ውጤቱን አውጥተን ማስተያየት እንችላለን።

ክራክን ግን ከዚህ ጋር አላስተያየውም። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ማለት ከፈራሚው እጅ ከወጣ በኋላ የተለወጠ ማለት ነው፤ የተነካካው ፋይል ፊርማው ፈርሷል ወይም ተነቅሏል። ከዚያ በላይ፣ ክራኩን የሚሰጠው ሰው «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ኮምፒውተሩን የሚጠብቁትን ሁለቱንም በሮች በአንድ ቀን ማንሣት ነው። የደንበኛ የመሬት ውል፣ የተማሪ ውጤት፣ የሰው መታወቂያ በሚተየብበት ጽሕፈት ቤት ይህን ማድረግ የደንበኛውን ምስጢር ለማይታወቅ ሰው መስጠት ነው። ገንዘብ ከሌለ ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ በነጻ ይሰጣል፤ በዶኩመንት ፋውንዴሽን ስም ተፈርሞበታል፤ በግዕዝ ፊደልም በላቲንም ይጻፍበታል።

አሁን ወደ ስልክ ልሂድ፤ አብዛኛው ሰው ኮምፒውተር የለውም፤ ስልክ ግን አለው፤ ገንዘቡም ዛሬ ስልኩ ውስጥ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ የባንኮቹም መተግበሪያ አለ።

አንድሮይድ ያለ ፊርማ መተግበሪያ አይጭንም። ነገር ግን እዚህ ምስክር ድርጅት የለም፤ ሠሪው በራሱ ቁልፍ ይፈርማል፤ ስልኩም ያንን ቁልፍ ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ የዚያው መተግበሪያ ማደሻ ሲመጣ በመጀመሪያው ቁልፍ ካልተፈረመ ስልኩ እምቢ ይላል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በቴሌግራም ወይም ከጓደኛ ስልክ የመጣ መተግበሪያ ስትጭኑ «አልተጫነም፤ ካለው ጋር ይጋጫል» የሚል መልእክት ይመጣል። ያን ጊዜ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ «ችግር የለም፣ አሮጌውን አጥፋና እንደገና ሞክር።» ያጠፋል፤ አዲሱም ሰተት ብሎ ይገባል። ምን ሆነ? ስልኩ «ይህን የሠራው ያኛው ሰው አይደለም» ብሎ ነግሮት ነበር። አሮጌውን ሲያጠፋ ስልኩ የሚያስታውሰውን ቁልፍ አብሮ አጠፋ፤ የሚያነጻጽርበት ነገር አልቀረውም። ገንዘብ ላለበት መተግበሪያ ይህን አታድርጉ። ቀለማቸው የተለወጠ፣ ተጨማሪ ነገር አላቸው የሚባሉ የዋትሳፕ ዓይነቶችም በዋትሳፕ ቁልፍ የተፈረሙ አይደሉም፤ የምትጽፉትን ሁሉ የምታሳልፉት በማታውቁት ሰው እጅ ነው። የባንክና የቴሌብር መተግበሪያ ከፕሌይ ስቶር ብቻ ይምጣ። ዳታ ከሌላችሁ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱ፤ መንገዱ ያደክማል፤ ግን ይሻላል።

አገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕግ አላት፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1072 ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ዋና ምስክር፣ ለሌሎቹ ምስክሮች ሰርተፊኬት የሚሰጠው፣ የመንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋም የሆነው ኢንሳ እንዲሆን ደንግጓል። በ2007 ዓ.ም. የሃኪንግ ቲም ሰነዶች ተሰርቀው ሲወጡ ከኩባንያው ደንበኞች መካከል የኢንሳ ስም ነበረበት። ሁለቱን ጎን ለጎን የማስቀምጠው ሰው እንዲቀየም አይደለም፤ ተቋማት ይለወጣሉ፤ መለወጥም አለባቸው። የምለው ምስክርም ይመረመራል ነው። የአገሪቱን ፊርማዎች የሚጠብቀው ዋና ቁልፍ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው በግልጽ መጠየቅ የዜጋ ሥራ ነው፤ ከእጃጂም ሆኖ ይጠየቃል።

ለጽሕፈት ቤቶችና ለሞባይል ቤቶች አንድ ልመና አለኝ። በዚህች ከተማ የፕሮግራም አከፋፋዮች እናንተ ናችሁ። ማይክሮሶፍት ወይም ጉግል እዚህ ቢሮ የለውም፤ የገበሬው ልጅ፣ መምህሩ፣ የወረዳው ጸሐፊ ፕሮግራም የሚያገኙት ከእናንተ ፍላሽ ነው። በጣም የሚፈለጉትን ፕሮግራሞች አንድ ጊዜ፣ ዳታ ባላችሁ ቀን፣ ከአምራቹ ገጽ አውርዱ። ፊርማቸውን በዲቴይልስ እዩ። በአንድ ደብተር ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ የፈራሚውን ስምና ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ፋይሎቹን ለሌላ ሥራ በማትጠቀሙበት ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ያ ፍላሽ ወደ ደንበኛ ኮምፒውተር አይግባ፤ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣችሁ ስጡ። ደንበኛው ሲቀበላችሁ ፊርማውን አሳዩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ራሱ ይጠይቃችኋል። መምህራንም በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ከመክፈትና ከመዝጋት ጋር ይህን አብራችሁ አስተምሩ፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ እንደማይቀበል ሁሉ ልጁ ያልተፈረመ ፋይል ሲያይ መጠየቅን ይልመድ።

ላፕቶፕና ፍላሽ የያዛችሁ አሁን ወደ ፊት ኑ። ባለፈው ሳምንት የጫናችሁትን ፕሮግራም መጫኛ ፋይል ፈልጉትና የማን ፊርማ እንዳለበት አብረን እንይ፤ ፊርማው የፈረሰ ካገኘን ከማጥፋታችን በፊት ከማን እንደተቀበላችሁት ንገሩኝ፣ ለእሱም እንዲነገረው።